ከአባቱ ያልሰማ ልጅ፦ የዲናው መንግሥቱ ተራኪ፣ የተቋረጠው ሰነድና የማንነት ፍለጋ

በጉለሌ ከሚገኙት መድረሳዎች በአንዱ የሚያስተምር ወዳጄ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ጥያቄ ይዞ መጣ። ዕድሜው ዐሥር ዓመት ገደማ የሆነ ተማሪው፣ አባቱ መካ ውስጥ የከዕባን በር ከሚጠብቁት ሰዎች አንዱ እንደሆነ ለጓደኞቹ ይነግራቸዋል። ልጆቹ ከበው ይሰሙታል፤ በሩ ስንት ክንድ እንደሚረዝም፣ ቁልፉ ምን እንደሚመስል ሳይቀር ይተርክላቸዋል። አባትየው ግን ልጁ ጡት ሳይተው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የተሻገረ፣ ከዚያ ወዲህ በስልክ ድምፅ ብቻ የሚታወቅ ሰው ነው። ወዳጄ የፈለገው ፍርድ ነበር። «ኡስታዝ፣ ውሸት ነውና ልቅጣው? ወይስ የልጅ ምኞት ነውና ልተወው?» አለኝ። ወዲያው አልመለስኩለትም። ትዝ ያለኝ አንድ ያነበብኩት አጭር ልቦለድ ነበር፤ ይህ ጽሑፍም ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ንባብ ነው።

ልቦለዱ ዲናው መንግሥቱ በእንግሊዝኛ የጻፈው፣ «አን ኦነስት ኤግዚት» የተሰኘ፣ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ሐቀኛ አወጣጥ» ልንለው የምንችል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 «ዘ ኒው ዮርከር» በተባለው መጽሔት ወጣ፤ በዚያው ዓመት «ሃው ቱ ሪድ ዚ ኤር» በሚል ርእስ ከታተመው ረጅም ልቦለዱ ጋር ተዋሕዷል። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1978 በአዲስ አበባ ተወልዶ፣ በሁለት ዓመቱ ደርግን ሸሽቶ ቀድሞ ወደ ወጣው አባቱ ዘንድ ወደ አሜሪካ የተወሰደ፣ ኢሊኖይ ግዛት በምትገኘው ፒዮሪያ ያደገ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው የመጀመሪያ ልቦለዱ የጋርዲያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። ይህን የምጠቅሰው ደራሲውን ለማስተዋወቅ ያህል እንጂ የተራኪውን ነገር በደራሲው ሕይወት ለመፍታት አይደለም። ከሙሐዲሶች የተማርነው አንድ ነገር ቢኖር ሰነድ ውስጥ ያለውን ራዊ ኪታቡን ካዘጋጀው ሙሶኒፍ ጋር አለማምታታት ነው፤ ልቦለድ ሲነበብም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ተራኪው የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ልጅ ነው፤ በኒው ዮርክ ከተማ የባለጠጎች ልጆች በሚማሩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ጽሑፍ ያስተምራል። አባቱ ከኢትዮጵያ ከወጣ ከ35 ዓመት በኋላ ፒዮሪያ ውስጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል ይሞታል። አባትና ልጅ በሕይወት ሳሉ ብዙም ተነጋግረው አያውቁም። ከሞቱ በኋላ ግን ልጁ ወደ ሥራው ሲሄድ መንገድ ለመንገድ ከሟቹ ጋር ማውራት ይጀምራል። ክፍል ገብቶም ያዘጋጀውን ትምህርት ይተውና ለተማሪዎቹ የአባቱን የስደት ታሪክ ያወራላቸዋል። አባቱ ከስቶና ደክሞ ሱዳን ውስጥ ወዳለ የወደብ ከተማ ይደርሳል፤ አብራሂም የሚባል ሰው ማደሪያና ሥራ ይሰጠዋል፤ በመርከብ ጭነት መካከል በሣጥን ተደብቆ ወደ አውሮፓ የሚወጣበትን መንገድም ያዘጋጅለታል። አብራሂም በምላሹ አንድ ነገር ይጠይቃል። ስደተኛው አውሮፓ ሲደርስ የአብራሂምን ሴት ልጅ «ሱዳን የቀረች ሚስቴ ናት» ብሎ እንዲያስመጣት ነው። በሂና ያጌጠችውን ልጅ ፎቶግራፍም በእጁ ያስይዘዋል። ስደተኛው ይደርሳል፤ ቃሉን ግን አይጠብቅም።

ወሬው በትምህርት ቤቱ ይናኛል። ኃላፊው ተራኪውን አግኝቶ ከታሪኩ ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ ሲጠይቀው፣ እውነት የሆነ ነገር የለውም ለማለት የሚቀርብ መልስ ይሰጠዋል። ኃላፊው አይቆጣም። ተማሪዎቹ ቁም ነገር ማውራታቸው ራሱ መልካም ነው ብሎ ያልፈዋል።

እዚህ ላይ ከእኛ መካከል ሐዲስ የቀራ ሁሉ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ የኃላፊው መልስ አዲስ አይደለምና። ኑሕ ኢብኑ አቢ መርየም ስለ እያንዳንዱ ሱራ ትሩፋት ሐዲስ ፈጥሮ ሲያሰራጭ ተደርሶበት፣ ሰዎች ቁርኣንን ትተው በሌላ ዕውቀት መጠመዳቸውን ስላየሁ ለአላህ ብዬ ያደረግኩት ነው ማለቱን የሐዲስ ዐሊሞች ለትውልድ ጽፈውታል። ከከራሚያዎች አንዳንዶቹም ለማበረታታትና ለማስፈራራት ሲባል ሐዲስ መፍጠርን እስከ መፍቀድ ደርሰዋል። ዐሊሞቹ በፈዷኢልና በልብ ማለስለሻ ዘገባዎች ሰነድ ላይ ጠበቅ አለማለታቸው የታወቀ ነው፤ ሆኖም ለበጎ ዓላማ መፍጠርን ከደካማ ዘገባ ጋር በአንድ ሚዛን አላስቀመጡትም። የኒው ዮርኩ ኃላፊ ሳያውቀው የኑሕን ምክንያት እየደገመ ነው።

ነገር ግን ተራኪውን «ውሸታም» ብለን መዝገቡን ብንዘጋ ልቦለዱን አላነበብነውም። ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ለምን ይህን ውሸት መረጠ የሚለው ነው። ያልሆነ ነገር የሚፈጥር ሰው የሚሻውን ሁሉ መፍጠር ይችላል። አባቱን ጀግና ማድረግ፣ ለቃሉ የታመነ ማድረግ፣ ልጅቱን ከነክብሯ አውሮፓ ማድረስ በእጁ ነበር። እርሱ ግን በራሱ ፈቃድ አባቱን አማና በላ አደረገው። ይህን ክህደት ማንም አልነገረውም፤ ማስረጃም የለውም። ታዲያ ስለ ምን?

በእኔ ንባብ መልሱ ያለው ልጁ በእርግጥ ከሚያውቀው ጥቂት ነገር ውስጥ ነው። ልጁ በዐይኑ ያየው አባት ዝምተኛና ጨካኝ ነበር። እንግሊዝኛን ሲናገር ቃላቱን እንደሚተፋቸው ዓይነት፣ ንግግሩ ከቁራጭ ትእዛዝ የማያልፍ ሰው ነበር። በረጅሙ ልቦለድ ውስጥ በሚስቱ ላይ እጁን የሚያነሣ ባል ሆኖ ይታያል። ልጅ እንዲህ ያለውን አባት ያለ ምክንያት መቀበል አይሆንለትም። ስለዚህ ወደ ኋላ ይሄድና ምክንያት ይፈጥርለታል። ከዚያ ጭካኔ በፊት አንድ ዕዳ ነበረ፤ ያ ዝምታ ያልተከፈለ ዕዳ ዝምታ ነው፤ አባቴ ክፉ ሆኖ አልተፈጠረም፣ አንድ ቃል አፍርሶ ከዚያ በኋላ ራሱን መመልከት ያልቻለ ሰው ነው። የተራኪው የማንነት ፍለጋ ብዙ ተቺዎች እንደሚያደርጉት «በሁለት ባህል መካከል የተንጠለጠለ» በሚል ሐረግ የሚጠቃለል አይመስለኝም። የሚፈልገው ለአባቱ ዑዝር ነው። ዑዝሩን ካገኘ ልጅነቱን መቀበል ይችላል፤ ያኔ ከየት እንደመጣ ለራሱ መናገር ይችላል።

ችግሩ ሰነዱ ነው። በሐዲስ ጥናት ልጆች ከአባቶቻቸው የሚዘግቡት ራሱን የቻለ ርእስ መሆኑን አንባቢዎቼ ያውቃሉ። ዐምር ኢብኑ ሹዐይብ ከአባቱ፣ አባቱም ከአያቱ በሚለው ሰንሰለት ላይ ዐሊሞች ምን ያህል እንደተከራከሩ እናስታውስ። ሹዐይብ ከዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) በጆሮው ሰምቷልን ወይስ ሶሒፋውን አግኝቶ ነው የሚያነበው? ክርክሩ የተነሣው በቤተሰብ ውስጥ መወለድ ብቻውን መስማት ስላልሆነ ነው። ደም ሰነድን አይተካም። የዲናው ተራኪ ከዚህም የባሰ ደረጃ ላይ ነው፤ ሶሒፋ እንኳ የለውም። በእጁ ያለው ጥቂት ቁራጭ ትእዛዝ፣ የአንድ ሰው ጠረንና ፍርሃት ነው። «ከአባቴ» ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ግን «ሰማሁ» ሊል አይችልም።

ዝምታውን ደግሞ እንዴት እንደሞላው እንይ። በፈጠረው ታሪክ ውስጥ ረጅም ንግግር የሚናገረው አባቱ አይደለም፤ አብራሂም ነው። የሚያስተምረው፣ የሚመክረው፣ መርከቦቹን እያሳየ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው፣ እዚያ ስትደርስ እንዲህ በል እያለ ቃል በቃል የሚያስጠናው አብራሂም ነው። አባትየው ሰሚ ነው። ለአባቱ አንደበት መስጠት ያልቻለ ልጅ ለአባቱ ሌላ አባት ፈጠረለት፤ ያንን አባት ደግሞ ከእስላም ወገን መረጠው። ይህ ምርጫ በእኔ ዓይን ከልቦለዱ ብርቅ ነገሮች አንዱ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2001 ወዲህ በአሜሪካ በተጻፉ ልቦለዶች ሙስሊም ገጸ ባሕርይ ብዙ ጊዜ የሚገባው ወይ ሊያስፈራ ወይ ሊታዘንለት ነው። አብራሂም ሁለቱንም አይደለም። ደግ ነው፤ ግን በነፃ ደግ አይደለም። አስልቶ የሚሠራ፣ ልጁን ከጦርነት ሊያወጣ የሚሻ አባት ነው።

ስሙን ሲያስተዋውቅ ከነቢዩ ስም ጋር ራሱ ያያይዘዋል። በረጅሙ ልቦለድ የቤተሰቡን ስሞች ብንደረድር አባት ዮሴፍ፣ እናት ማርያም፣ ተራኪው ልጅ ዮናስ ናቸው። ዩኑስ፣ ዩሱፍ፣ ኢብራሂም፣ መርየም፤ አራቱም በቁርኣን የሱራ ስም ናቸው። ደራሲው ይህን አስቦበታል ብዬ አልከራከርም፤ እነዚህ ስሞች በአገራችን በሁለቱም ሃይማኖት ቤተሰቦች ዘንድ የተለመዱ ናቸው። ሆኖም ከጉድጓድ ወጥቶ ወደ ባዕድ አገር የተወሰደውን ነቢይ፣ በዓሣ ሆድ ጨለማ ውስጥ የተጣራውን ነቢይ የሚያውቅ አንባቢ፣ ዮሴፍ በመርከብ ሆድ ውስጥ በሣጥን ተጨብጦ ሲቀመጥ ሳይታወሱት አያልፍም። ልዩነቱም ጎልቶ ይታየዋል፤ በዚያ ሣጥን ውስጥ የሚጣራ የለም።

ከስሞቹ ሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ የአብራሂም ነው። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) በዘገቡት፣ ቡኻሪና ሙስሊም ባሰፈሩት ሐዲስ ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) በሕይወታቸው ሦስት ጊዜ ብቻ ከቀጥተኛው አነጋገር ፈቀቅ ማለታቸው ተነግሯል። ከሦስቱ አንዱ በባዕድ አገር፣ በግፈኛ ንጉሥ ፊት፣ ሚስታቸውን ሣራን «እኅቴ ናት» ማለታቸው ነው፤ በእምነት እኅታቸው ናትና ዐሊሞች ይህን ከተውሪያ ይቆጥሩታል። የወደቡ አብራሂም ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ይዞታል፤ ሚስት ያልሆነችውን ልጅ «ሚስቴ ናት» በል ይለዋል። ሁለቱም ቃላት በድንበር ላይ፣ በኃያል ፊት፣ ሴትን ከአደጋ ለማውጣት የተነገሩ ናቸው። በተውሪያው ውስጥ ግን እውነት አለ፤ በወደቡ ቃል ውስጥ ያለው ውል ብቻ ነው። ውሉ ሲፈርስ ከቃሉ ምንም አይተርፍም።

የአብራሂም ሌላው ምክርም ልብ ይሏል። አውሮፓ ስትደርስ ይይዙሃል፤ ጥገኝነት እፈልጋለሁ በል፤ ኮሙኒስቶችን ስዋጋ ነበር በል፣ ይወዱሃል ይለዋል። ጥገኝነት ሰጪው መስማት የሚፈልገውን መናገር ማለት ነው። በረጅሙ ልቦለድ ተራኪው ራሱ መምህር ከመሆኑ በፊት በአንድ የስደተኞች መርጃ ቢሮ ሠርቷል፤ ሥራው የጥገኝነት ጠያቂዎችን ቃል ማረም ነበር፤ እያረመ የሰዎቹን መከራ ያሳምርላቸው፣ ያልደረሰባቸውንም ይጨምርላቸው ነበር። ክፍል ውስጥ ያደረገው የዚያ ሥራ ቀጣይ ነው። ባለጠጎቹ ተማሪዎች ከአፍሪካ የመጣ ታሪክ እንዴት መምሰል እንዳለበት ሳያውቁት ያውቃሉ፤ እርሱም ያንኑ ይሰጣቸዋል። ትምህርት ቤቱን በልቡ «አካዳሚ» እያለ የሚጠራው ካፍካ እ.ኤ.አ. በ1917 ባወጣው ልቦለድ ውስጥ ለአካዳሚ ንግግር ከሚያደርገው የሠለጠነ ዝንጀሮ ወስዶት ነው፤ ተማሪዎቹና ባልደረቦቹም እንደዚያ ያዩኝ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ቋንቋቸውን መልሶ የሚያስተምራቸው ሰው በዚያ ቋንቋ የራሱን ቤት ታሪክ መናገር ሲያቅተው፣ እነርሱ የሚያጨበጭቡለትን ይናገራል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ግን ስለ ጥገኝነት ጥያቄ የምናስታውሰው ሌላ ችሎት አለን። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት ሲቆሙ የቁረይሽ መልክተኞች ዐምር ኢብኑል ዓስና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓ እዚያው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን የመርየምን ሱራ መጀመሪያ አሰሙ፤ ይህ ሊወደድላቸው የሚችል ነበር። በማግስቱ ግን ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ምን ትላላችሁ የሚለው አደገኛ ጥያቄ መጣ። ሙሃጅሮቹ መከሩ፤ የመጣው ይምጣ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩንን እንናገራለን አሉ፤ ተናገሩም። ይህን የማነሣው ሱዳን ወደብ ላይ የተራበውን ሰው ከሶሓቦች ጋር አወዳድሬ ለማሳነስ አይደለም፤ ነጃሺ ፍትሐዊ ንጉሥ ነበሩ፤ የዛሬ የድንበር መኮንን ሁሉ ነጃሺ አይደለም። የማነሣው ሰው ማንነቱን የሚያውቀው ወይም የሚያጣው በምን ዓይነት ቃል እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው። ጃዕፈር ከችሎቱ ሲወጡ የተናገሩትና እርሳቸው አንድ ነበሩ። ዮሴፍ ከችሎቱ ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ፤ ልጁም እስከ ሞቱ ድረስ የሚያውቀው ያንን ሌላውን ሰው ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ልቦለድ ራሱ ውሸት አይደለምን የሚል ኢማም ቢኖር፣ ጥያቄው የቆየ ነውና መልሱም የቆየ ነው። በ516 ዓ.ሂ. የሞቱት አል ሐሪሪ በመቃማታቸው መግቢያ ላይ ራሳቸውን የተከላከሉት በዚሁ ነው፤ እንስሳትን የሚያናግሩ ምሳሌዎችን ማንም አዋቂ አልነቀፈም፣ ሰሚው ምሳሌ መሆኑን ያውቃልና። የእርሳቸው አቡ ዘይድ ከሰሩጅ የተፈናቀለ፣ አንደበቱ የሚያስለቅስ፣ ግን የሚዋሽ ሰው ነው። በሶንዓው መቃማ ሕዝቡን በተግሣጽ አስለቅሶ ከሄደ በኋላ፣ አል ሓሪስ ተከትሎት ዋሻ ውስጥ ከጥብስ ጠቦትና ከመጠጥ ጋር ያገኘዋል። ሐሪሪ አልዋሹም፤ የሚዋሽ ሰው አሳዩን። ዲናውም እንዲሁ ነው፤ ተራኪውን ከነገበናው አውጥቶ አሳየን። ልዩነቱ በመቃማቱ ውስጥ አጋላጭ ሌላ ሰው መሆኑ ነው፤ እዚህ ግን ተራኪው ሲጠየቅ ራሱን ያጋልጣል። ይህን ቅንነቱን በሚዛኑ ላይ ማኖር ይገባል። ተማሪዎቹን አታለለ፤ የጠየቀውን አላታለለም።

ኢብኑል ጀውዚ (ሞት 597 ዓ.ሂ.) ስለ ቁሷስ መጽሐፍ ሲጽፉ ራሳቸው በባግዳድ ብዙ ሺህ ሰው የሚያስለቅሱ ሰባኪ ነበሩ። ሥራውን ስለሚያውቁት ነው የጻፉት። እኛም በሚንበር ላይ የስደትን ነገር ስናነሣ ከዚህ ተራኪ ብዙም አንርቅም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በተመለሱበት ወቅት የባሕሩና የበረሃው ታሪክ በየኹጥባው ተሰማ፤ ከባለቤቱ አፍ የተሰማው ግን ጥቂት ነበር። ተመላሾቹ ከፊታችን ሶፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እኛ ግን ከሦስተኛ ሰው የሰማነውን አሳምረን እናወራ ነበር። ራሴንም ከዚህ አላወጣም። አንድ ጁሙዓ በጀልባ ስለ ሰመጠ ወጣት ተናግሬ ብዙ ሰው አልቅሷል፤ ከማን እንደሰማሁት ዛሬ ብጠየቅ መልስ የለኝም።

በልቦለዱ ላይ ያለኝ ዋና ቅሬታ አንድ ነው። ጽሑፉን ከጥቂት መምህራን ጋር ጉለሌ ውስጥ በምሽት ስናነብ፣ ስለ ተራኪው ብዙ ከተከራከርን በኋላ ከመካከላቸው አንዱ «ልጅቱስ?» አለ። ፎቶግራፏ አለ፤ ሂናዋ አለ፤ አባቷ ስለ እርሷ ይናገራል፤ ስደተኛው ስለ እርሷ ይጨነቃል፤ ተራኪውም የአባቱን በደል ለማስረዳት ይጠቀምባታል። እርሷ አንድ ቃል አትናገርም። ተራኪው ለዝምተኛው አባቱ ዑዝር ሲፈልግ ሌላ ዝምተኛ ፈጥሮ ትቷት ሄደ። ደራሲው ይህን አውቆ ያደረገው ሊሆን ይችላል፤ በአባቶችና በልጆች ትረካ ውስጥ ሴት ልጅ የምትቀረው እንደ ፎቶግራፍ ነው ሊለን ይሆናል። ይሁንና ለተራኪው ስሕተት ይህን ያህል ቦታ የሰጠ ልቦለድ ለዚህችኛዋ አንድ ገጽ ቢያጣ አንባቢ ቢቆጭ አይፈረድበትም።

ለወዳጄ የመለስኩለት ከዚህ ንባብ በኋላ ነው። አትቅጣው፤ ዝም ብለህም አትተወው፤ ሰነድ ፈልግለት አልኩት። ልጁ የከዕባን በር የፈጠረው ስለ አባቱ የነገረው ስላልነበረ ነው። በስልክ የሚሰማው «ቁርኣንህን ቅራ»፣ «እናትህን አታስቸግር» የሚሉ ቁራጭ ትእዛዞችን ብቻ ነው፤ እንደ ፒዮሪያው አባት። እናቱ ታውቅ ነበር። ተጠርታ ስትመጣ መጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ግን ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ፣ አባቱ ከጣኢፍ ወዲያ በአንድ ባለሀብት ግቢ ፍየል እንደሚጠብቅ፣ በሌሊት ብርዱ እንደሚጠና፣ የሚደውለውም ኮረብታ ላይ ወጥቶ መሆኑን እርሱ የነገራትን እንዳለ ነገረችው። ልጁ አላለቀሰም፤ ቅርም አላለው። መጀመሪያ የጠየቀው ፍየሎቹ ስንት እንደሆኑ ነበር።